ሽጉጥ ታጥቀው ሕግ ያወጡ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1860 የደቡብ ካሮላይናው ሴናተር ጄምስ ሃመንድ ለአንድ ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። ስለ አሜሪካ ኮንግረስ ያለው ነገር ባጭሩ ሲተረክ እንዲህ ነው፦ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሽጉጥና ጩቤ ያልያዘ አባል ቢገኝ፣ እሱ ሁለት ሽጉጥ የያዘው ነው። ቀልድ ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም። ጆአን ፍሪማን የተባለች የታሪክ ጸሐፊ ከ1830 እስከ 1860 ባሉት 30 ዓመታት ውስጥ በኮንግረስ አዳራሾችና በአካባቢው፣ በአባላቱ መካከል ከ70 በላይ የኃይል ድርጊቶች መፈጸማቸውን ቆጥራለች። ጡጫው፣ ከዘራው፣ ጩቤው፣ ሽጉጡ ሁሉ አለበት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ሐኪም እንጂ የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም። ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በጓሮ በር ነው። ሕክምና የተማራችሁ ሁሉ ብራውን ሴካርድ የሚለውን ስም አትረሱትም፤ ኅብለ ሰረሰር በአንድ ጎኑ ብቻ ሲጎዳ በዚያው ጎን እንቅስቃሴ፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ የሕመምና የሙቀት ስሜት የሚጠፋበት፣ ለፈተና ስንሸመድደው ያደርንበት ምልክት ነው። ይህ ስመ ጥር ሐኪም በ1858 ፓሪስ ውስጥ የአንድ አሜሪካዊ ሴናተርን አንገትና ጀርባ ያለ ማደንዘዣ በእሳት እንደተኮሰ ሳነብ፣ “ሴናተሩ ምን ሆኖ ነው?” ብዬ መጠየቄ አልቀረም። መልሱን ፍለጋ ስሄድ ያገኘሁት አንድ በሽተኛ ብቻ አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ታሞ የኖረ ምክር ቤት ነበር።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው የሚያወራው ለሳቅ ነው። “እነዚያም ሰዎች እንደዚህ ነበሩ እንዴ!” ብሎ ለመገረም። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ሌላ ነገር ነው። ከጠቡ አብዛኛው የግልፍተኞች ግርግር ይምሰል እንጂ ሥራ ነበረው። ሥራውም አንድ ርዕስ፣ የባርነት ጉዳይ፣ በምክር ቤቱ ውስጥ እንዳይነሳ ማድረግ ነበር። እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ።

ምራቅና የእሳት መቆንጠጫ

ኮንግረሱ ገና ፊላደልፊያ ተቀምጦ ሳለ፣ በጥር 1798 የኮነቲከቱ ተወካይ ሮጀር ግሪስወልድ የቨርሞንቱን ተወካይ ማቲው ላየንን በነገር ወጋው። ላየን በአብዮቱ ጦርነት ጊዜ በፈሪነት ተከሶ የእንጨት ሰይፍ አስታጥቀውታል የሚል ወሬ ነበረና እሱን አነሳበት። ላየን ፊቱ ላይ ምራቁን ተፋበት። ምክር ቤቱ ላየንን ለማባረር ድምፅ ሰጠ፤ ነገር ግን ለማባረር የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አልተገኘም። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ የካቲት ወር ላይ ግሪስወልድ ከዘራውን ይዞ መጣና ላየንን ከተቀመጠበት መቀጥቀጥ ጀመረ። ላየን እንደ ምንም ብሎ ምድጃው ጋ ደረሰና የእሳት መቆንጠጫውን ብረት አነሳ። ሁለቱ የተከበሩ ተወካዮች መሬት ላይ ተያይዘው ሲንከባለሉ ሌሎቹ እግራቸውን እየጎተቱ አላቀቋቸው።

ይህ ጠብ የሁለት ሰዎችና የሁለት ፓርቲዎች ቂም ነበር። ከባርነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። የማነሳው አንድ ልማድ እዚሁ ላይ ሲተከል ስለሚታይ ነው፦ ምክር ቤቱ በገዛ አባላቱ ላይ መፍረድ አልቻለም። የተፋው አልተባረረም፤ የደበደበውም አልተባረረም። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚጠይቀው ሕግ ለአባላት ከለላ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ ፓርቲው አብሮት ላለ ሰው ግን የማይደፈር ምሽግ ሆነለት።

ቀልድ ያስከተለው ሞት

በታኅሣሥ 1837 በአርካንሳስ ግዛት ምክር ቤት፣ ሊትል ሮክ ከተማ ውስጥ፣ ተኩላ ለሚገድል ሰው ስለሚከፈል ጉርሻ የሚናገር ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። ጄ. ጄ. አንተኒ የተባለ ተወካይ በክርክሩ መካከል አፈ ጉባኤውን ጆን ዊልሰንን የሚነካ ቀልድ ጣል አደረገ። ዊልሰን የአንድ ባንክ ፕሬዚዳንትም ነበር፤ ቀልዱም ባንኩን የሚመለከት ነበር። አፈ ጉባኤው ከወንበሩ ወርዶ ቦዊ የሚባለውን ረጅም የአደን ቢላ መዘዘ። አንተኒም የራሱን ቢላ አወጣ። ጥቂት ቆይቶ አንተኒ በምክር ቤቱ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ዊልሰን ከምክር ቤቱ ተባረረ፤ ፍርድ ቤት ግን ነፃ ለቀቀው፤ በኋላም ሕዝቡ መርጦ ወደ ምክር ቤት መልሶታል።

ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 24 ቀን 1838፣ ተራው የዋሽንግተን ሆነ። የሜይኑ ተወካይ ጆናታን ሲሊ በንግግሩ አንድን የኒውዮርክ ጋዜጣ አዘጋጅ ተችቶ ነበር። አዘጋጁ የጥያቄ ደብዳቤ ጻፈና በኬንታኪው ተወካይ በዊልያም ግሬቭስ እጅ ላከው። ሲሊ “ከግሬቭስ ጋር ጠብ የለኝም፤ ደብዳቤውን ግን አልቀበልም” አለ። በዚያ ዘመን የክብር ሕግ መሠረት የላኩትን ሰው ደብዳቤ አለመቀበል መልእክተኛውንም መናቅ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ ምንም ቂም ያልነበራቸው ሁለት ሕግ አውጪዎች ጠመንጃ ይዘው ከዋሽንግተን ወሰን ወዲያ ሜሪላንድ ሜዳ ላይ ቆሙ። ዱዌል ይሉታል፤ በቀጠሮና በሽማግሌ ፊት የሚደረግ የመሳሪያ ግጥሚያ ነው። ሁለት ጊዜ ተኩሰው ተሳሳቱ። ሦስተኛው ተኩስ የሲሊን የጭን ዋና ደም ወሳጅ ቧንቧ በጠሰው። ይህ ቧንቧ ሲበጠስ ያለውን ጊዜ ለሐኪም አልነግርም፤ ለሌሎቻችሁ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ሲሊ እዚያው ደሙ ፈሶ አለቀ።

ግሬቭስ አልተባረረም። ኮንግረሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1839፣ በዋሽንግተን ወሰን ውስጥ ለዱዌል መጥራትንም ጥሪ መቀበልንም የሚከለክል ሕግ አወጣ። ለተከታዩ ታሪክ ትልቁ ነገር ግን ሕጉ አልነበረም፤ የሲሊ ሞት በሰሜኑና በደቡቡ የተለያየ ትምህርት ማስተማሩ ነው። በሰሜኑ ግዛቶች ዱዌል ከዚያ ወዲህ ነውር ሆነ፤ ጥሪ የተቀበለ ተወካይ በመራጮቹ ዘንድ ተቀባይነት ያጣል። በደቡብ ደግሞ ነውሩ እምቢ ማለቱ ነበር፤ እምቢ ያለ ሰው ፈሪ ተብሎ ይቀራል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ወገን ተቀምጧል። አንደኛው ወገን “ና ውጣ!” ብሎ ቢዝት አገሩ ያጨበጭብለታል። ሌላው ወገን “እሺ” ቢል አገሩ ያወግዘዋል፤ “እምቢ” ቢል ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ይሳቅበታል። ለዛቺው ዛቻው ምንም አያስከፍለውም። ለተዛተበት ግን ሁለቱም መንገድ ኪሳራ ነው። ምን ይደረግ? ብዙዎቹ የመረጡት ሦስተኛውን መንገድ ነበር፤ ነገሩን አለማንሳት።

የማይነሳው ርዕስ

ያ የማይነሳ ነገር ባርነት ነበር። በ1836 የተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚመለከት ማንኛውም የሕዝብ አቤቱታ ሳይነበብና ክርክር ሳይደረግበት ወደ ጎን እንዲተው ወሰነ። “የአፍ መለጎሚያ” ተባለ። ይህ አሠራር በተለያየ መልክ እየታደሰ እስከ ታኅሣሥ 1844 ድረስ ቆየ። በግንባር ቀደምትነት የተዋጋው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነው። አዳምስ ከፕሬዚዳንትነት ወርዶ እንደ ተራ ተወካይ የማሳቹሴትስን ሕዝብ ሲያገለግል የኖረ ሰው ነው። በሽምግልናው ዘመን በየጊዜው አቤቱታ ይዞ ይነሳል፤ ይጮሁበታል፤ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ሌላ አቤቱታ ይዞ ይነሳል።

ለአዳምስ ዕድሜውና የቀድሞ ሥልጣኑ ጋሻ ሆኑት። የቀድሞ ፕሬዚዳንትና ሽማግሌ የሆነን ሰው ለዱዌል የሚጠራ አይገኝም። እንዲህ ያለ ጋሻ ለሌላቸው ግን ሕጉ የዘጋውን በር ሽጉጡ ያጠብቀው ነበር። የኦሃዮው ጆሹዋ ጊዲንግስ ባርነትን ሲቃወም የሉዊዚያናው ጆን ዶውሰን አንድ ጊዜ በቢላ አስፈራራው። በ1845 ደግሞ ጊዲንግስ ሲናገር አንድ የጆርጂያ ተወካይ ከዘራ ይዞ ቀረበው፤ ዶውሰንም ሽጉጡን አቀባብሎ እገድልሃለሁ አለው። የዶውሰን ወዳጆች ከዶውሰን ጎን፣ የጊዲንግስ ወዳጆች ከጊዲንግስ ጎን እጃቸውን ወደ ኮታቸው ሰደው ቆሙ። ጊዲንግስ ንግግሩን አላቋረጠም፤ እስከ መጨረሻው ተናገረ።

ስለ ጊዲንግስ ድፍረት ብዙ ተጽፏል፤ ይገባዋልም። እኔን የሚያሳስቡኝ ግን በዚያ ቀን ንግግር ይዘው መጥተው ወረቀታቸውን ወደ ኪሳቸው የመለሱት ናቸው። ስንት ነበሩ? የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የተነገረውን እንጂ ያልተነገረውን አይመዘግብም።

ነገሩ ወደ ሴኔቱም ተሻገረ። ሚያዝያ 17 ቀን 1850 ባርነት ወደ አዲሶቹ ግዛቶች ይስፋፋ ወይስ አይስፋፋ በሚለው ላይ ክርክር ሲደረግ የሚሲሲፒው ሄንሪ ፉት የሚዙሪውን ቶማስ ሃርት ቤንተንን ለቀናት ሲያበሽቀው ሰነበተ። ቤንተን ግዙፍ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በዱዌል ሰው ገድሏል። የዚያን ዕለት ወንበሩን ገፍቶ ወደ ፉት ሲሄድ ፉት ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሽጉጡን አወጣ። ቤንተን ደረቱን ገልጦ “ይተኩስ፣ ተዉት!” እያለ ጮኸ። ሌሎች ሴናተሮች ሽጉጡን ነጥቀው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ምርመራ ተደረገ፤ ቅጣት ግን አልነበረም።

ከዘራውና ሴናተሩ

አሁን ወደ ብራውን ሴካርድ በሽተኛ ደረስን። ስሙ ቻርልስ ሰምነር ነው፤ የማሳቹሴትስ ሴናተር። በግንቦት 19 እና 20 ቀን 1856 ባርነትን ወደ ካንሳስ በግድ ለማስገባት የሚደረገውን የሚያወግዝ የሁለት ቀን ንግግር አደረገ። እውነቱን ለመናገር የሰምነር ምላስም ቀላል አልነበረም። የደቡብ ካሮላይናውን ሽማግሌ ሴናተር አንድሩ በትለርን በሌለበት ሰደበው፤ የአነጋገር እክሉን ሳይቀር አፌዘበት። ሐኪም ሆኜ ሳነበው ይህኛው አይጥመኝም። ሰው የተናገረውን መንቀፍ አንድ ነገር ነው፤ ሲናገር ምራቁ የሚያስቸግረውን ሰው ማፌዣ ማድረግ ሌላ ነው። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች ያሉት አባቶቻችን ሲያስጠነቅቁ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 22፣ የበትለር ዘመድ የሆነው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ፕሬስተን ብሩክስ ወደ ሴኔቱ አዳራሽ ገባ። ስብሰባው ተበትኗል። ሰምነር ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። ብሩክስ በሰገነቱ የነበሩ ሴቶች እስኪወጡ ጠበቀ፤ ጨዋነቱ እዚያ ድረስ ነበር። ከዚያ ቀርቦ ጥቂት ቃል ተናግሮ ራሱ ወርቅ በሆነ ከዘራ ጭንቅላቱን ይመታው ጀመር። ለዱዌል አልጠራውም፤ ዱዌል በእኩዮች መካከል ነው፣ ሰምነርን ግን እኩዬ አላለውም። የሰምነር ጠረጴዛ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነበር፤ እግሩ ከሥሩ ተይዞ መነሳት አቃተው። በመጨረሻ ጠረጴዛውን ከብሎኑ ነቅሎ ተነሳና ደም ዓይኑን ጋርዶት ወደቀ። አንድ ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው፤ ወደ 30 ጊዜ መትቶታል፤ ከዘራው ተሰባብሯል። ሊገላግሉ የመጡትን የብሩክስ ጓደኛ ሎረንስ ኪት ከዘራውን እያወዛወዘ አገዳቸው።

ተወካዮች ምክር ቤት ብሩክስን ለማባረር ድምፅ ሰጠ፦ 121 ለ 95። ብልጫ ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ግን አይደለም። ፍርድ ቤት 300 ዶላር ቀጣው። ብሩክስ በራሱ ፈቃድ ወንበሩን ለቀቀ፤ የወረዳው ሕዝብም ወዲያው መልሶ መረጠው። ከደቡብ በተሰበረው ፈንታ አዳዲስ ከዘራዎች በስጦታ ይላኩለት ነበር።

ቁስሉና ማስረጃው

ሰምነርን በመጀመሪያ ያየው ሐኪም ኮርኔሊየስ ቦይል ነው። ከአዳራሹ ጎን ባለ ክፍል ውስጥ የራስ ቆዳውን ሁለት ቁስሎች ሰፋለት። ከቀናት በኋላ ለመርማሪው ኮሚቴ በሰጠው ቃል ቁስሎቹ ከሥጋ ያላለፉ መሆናቸውን፣ ሰውየውም በማግስቱ መጓዝ እንኳ ይችል እንደነበር ተናገረ። ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ትኩሳቱንና የቁስሉን ማመርቀዝ አይተው በዚህ አልተስማሙም። የደቡብ ጋዜጦች የቦይልን ቃል ይዘው “ሰምነር ያስመስላል” ብለው ጻፉ። ይህ ወሬ ለዓመታት አልለቀቀውም።

ባልደረቦቼ፣ ይህን ስታነቡ የምታውቁት ነገር አይመጣባችሁም? በአገራችን ድንገተኛ ክፍል ያልሠራን የለንም። ጭንቅላቱን በዱላ የተመታ ሰው ይመጣል። ታጥቦ ይሰፋል። ሲቲ ስካን ባለበት ቦታ ሲቲው ንጹሕ ይሆናል። ቀጥሎ ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ ይፈልጋል፤ ጉዳቱ ቀላል ነው ወይስ ከባድ? እኛ የምንጽፈው የቁስሉን ርዝመት በሴንቲ ሜትር፣ የአጥንቱን ስብራት፣ የነርቩን ሁኔታ ነው። ያየነውን እንጽፋለን፤ ልክም ነው። ያ ሰው ግን ከወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ “ዶክተር፣ ጭንቅላቴን ያመኛል፤ እንቅልፍ የለኝም፤ በዚያ መንገድ ማለፍ አልቻልኩም” ይላል። ለዚህኛው ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ጠበቃው ደግሞ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ “ቀላል ጉዳት ነው ተብሏል” ይላል።

ሰምነርም እንዲሁ ነበር። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ራስ ምታቱ፣ የጀርባ ሕመሙ፣ ድካሙ አልለቀቀውም። በ1857 ወደ ሴኔት ሊመለስ ሞከረ፤ ወደ አዳራሹ ሲመለስ ሕመሙ ይነሳበታል፤ ከዋሽንግተን ሲርቅ ይሻለዋል። ዛሬ ያሉ አንዳንድ ጸሐፊዎች ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣው፣ እኛ ፒቲኤስዲ የምንለው ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም ይላሉ። በ1858 ፓሪስ ሄዶ ብራውን ሴካርድን አገኘ። ብራውን ሴካርድ ችግሩ የኅብለ ሰረሰሩ ነው ብሎ ስላመነ አንገትና ጀርባውን ሞክሳ በሚባል የሚነድ ነገር ስድስት ጊዜ ተኮሰው። በየገጠሩ ዛሬም ድረስ “መተኮስ” የምንለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ በዘመኑ ትልቅ ሳይንቲስት እጅ መሆኑ ብቻ ነው። ሰምነር ያለ ክሎሮፎርም ይሻላል ስለተባለ ሕመሙን በሙሉ ስሜቱ ቻለው። ሕክምናው የሚጠቅም አልነበረም። ነገር ግን በማስመሰል የሚከሰስ ሰው ሕመሙን ለማዳን ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳያል።

ወደ ሴኔት ለዘለቄታው የተመለሰው በታኅሣሥ 1859 ነው፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ መሆኑ ነው። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በመሃሉ ሳይገኝ መልሶ መርጦታል። ወንበሩ ባዶውን ተቀመጠ። ባዶነቱም ይናገር ነበር፤ ብሩክስ አንድን ሰው ዝም ሊያሰኝ መጥቶ ዝምታውን ለአገር ሁሉ አሰማው። የሰምነር ንግግር ታትሞ በሰሜኑ ሁሉ ተሰራጨ። ቀድሞ የባርነት ነገር ምን ሊያገባን ሲሉ የነበሩ ሰሜናውያን “ሴናተራችን በገዛ ወንበሩ ላይ ከተቀጠቀጠ እኛስ?” ብለው ጠየቁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ።

ዊጉ፣ ቢላውና ጦርነቱ

ከዚህ በኋላ የሰሜኖቹም ልማድ ተለወጠ። መራጮቻቸው ታጋሽ ተወካይ መፈለግ ትተው የማይፈራ ተወካይ ይልኩ ጀመር። የካቲት 6 ቀን 1858 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ባርነትን በሚፈቅደው የካንሳስ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ላይ ሲከራከሩ ያደሩት ተወካዮች ደክሟቸው ሳለ፣ ያው ሎረንስ ኪት ከፔንሲልቫኒያው ጋሉሻ ግሮው ጋር ተያያዘ። ግሮው ኪትን ጣለው። ወዲያው በርካታ ተወካዮች ዘለው ገቡና አዳራሹ ጡጫ በጡጫ ሆነ። አፈ ጉባኤው መዶሻውን ቢደበድብ የሚሰማው አጣ። ጠቡን ያቆመው ሌላ ነገር ነው። የዊስኮንሲን ተወካዮች የሚሲሲፒውን ዊልያም ባርክስዴልን ጸጉር ሲይዙ ጸጉሩ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ለካ ዊግ ኖሯል። ባርክስዴል ዊጉን ነጥቆ ሲያጠልቀው የኋላውን ወደ ፊት አደረገው። ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ጠቡም በዚያው ቆመ።

ሳቁ ግን አላዳናቸውም። ሚያዝያ 1860 የኢሊኖዩ ኦወን ላቭጆይ ባርነትን ሲያወግዝ ደቡቦቹ ከበቡት። የላቭጆይ ወንድም ኤላይጃ ባርነትን የሚቃወም ጋዜጣ በማተሙ በ1837 በመንጋ የተገደለ ነው፤ ኦወንን በዛቻ ዝም ማሰኘት የሚቻል አልነበረም። የዊስኮንሲኑ ጆን ፖተር “ይናገራል!” ብሎ ከጎኑ ቆመ። በዚህ ጠብ ሰበብ የቨርጂኒያው ሮጀር ፕራየር ፖተርን ለዱዌል ጠራው። ፖተር እንደ ቀድሞዎቹ ሰሜናውያን እምቢ አላለም፤ “እሺ፣ በቦዊ ቢላ” አለ። የፕራየር ወገን “ይህማ አረመኔነት ነው” ብሎ ተወው። ሰሜኑ በሳቅ ሞተ፤ ለፖተርም በየቦታው ቢላ ይሸለምለት ጀመር።

እኔ ግን እዚህ ላይ መሳቅ ያቅተኛል። የዛቻው ሚዛን ተስተካከለ ማለት ሁለቱም ታጠቀ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1861፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ፤ ከ600 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ዊጉ የተገለበጠበት ባርክስዴል በ1863 ጌቲስበርግ ላይ ቆስሎ ሞተ፤ ገላጋዮቹን ያገደው ኪት በ1864 ኮልድ ሃርበር ላይ። ብሩክስ ጦርነቱን አላየም፤ በጥር 1857 በጉሮሮ ሕመም በ37 ዓመቱ አልፏል። በመጨረሻ በጥር 31 ቀን 1865 ያው የተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚሽረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 119 ለ 56 በሆነ ድምፅ አጸደቀ። በ1836 እንዳይነሳ የተከለከለው ርዕስ በድምፅ የተዘጋው ያ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ለመሆኑ ሥርዓት መቼ መጣ? ጠቡ ከጦርነቱ በኋላም ጨርሶ አልጠፋም። የካቲት 22 ቀን 1902 የደቡብ ካሮላይና ሁለት ሴናተሮች፣ ቤንጃሚን ቲልማንና ጆን ማክሎሪን፣ በሴኔቱ ወለል ላይ በጡጫ ተማቱ። ሴኔቱ በዚህ ጊዜ ሁለቱንም በይፋ ገሠጸ፤ ከዚያም አልፎ ሴናተር ስለ ባልደረባው ለሴናተርነት የማይገባ ምግባር እንዳይናገር የሚከለክል አንቀጽ ወደ ደንቡ አስገባ። ዛሬም ይሠራል። ደንቡ የጡጫውን ብቻ ሳይሆን የምላሱን ነገርም ማሰቡ ደስ ይለኛል፤ የበትለርን የአነጋገር እክል ያስታውሰኛል። ሆኖም ደንብ ሁለት ስለት አለው። ለጨዋነት የተጻፈ አንቀጽ እውነት የሚናገርን ሰው ለማስቀመጥም ሊውል ይችላል። የአፍ መለጎሚያውም ቢሆን በጊዜው የቀረበው “ለምክር ቤቱ ሰላም” ተብሎ ነበር።

ይህን ሁሉ ለምን ለእናንተ ጻፍኩ? ዩኒቨርሲቲያችንም ሴኔት አለው። መምህሮቻችን በየትምህርት ክፍሉ፣ እኛም በየሆስፒታሉ፣ በየማኅበሩና በየእድሩ እንሰበሰባለን። ማናችንም ሽጉጥ ይዘን አንገባም። ከዘራም ቢሆን ለመደገፊያ ነው። ነገር ግን ዛቺው ምንም የማይከፍልበት፣ የተዛተበት ግን በሁለቱም መንገድ የሚከስርበት ስብሰባ ለመፍጠር ሽጉጥ አያስፈልግም። የእድገት ደብዳቤ የሚፈርም እጅ፣ “ቆይ እንተያያለን” የሚል አንድ ቃል ወይም የሰበሰበው ሰው ሳቅ ይበቃል። አያቶቻችን በልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ ነገሩ የቱንም ያህል ቢጋጋል ተናጋሪው እስኪጨርስ ይደመጥ ነበር፤ ሙግቱ ሙግት የሆነውም በዚህ ነው።

ቁስል የሚለካ ሰው እንደመሆኔ ስብሰባን ስመለከት የምጠይቀው “ማን ማንን ሰደበ?” ብቻ አይደለም። “ባለፈው ዓመት ይናገር የነበረና ዘንድሮ ዝም ያለው ማነው? ከምን ርዕስ በኋላ ነው ዝም ያለው?” እላለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ አይገኝም። ሰብሳቢ የሆነ ሰው ግን ዞር ብሎ ቢያይ ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ስሙን ጠርቶ “አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?” ማለት የሰብሳቢው ሥራ ነው።